የማይመለስ ሳህን

ወይዘሮ ደብሪቱ ድመታቸውን ዳማን ቢያስመረምሩ የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ ተገኘባት። ቫይረሱ በምራቅ ስለሚተላለፍ፣ ከተማው ባወጣው አዲስ ደንብ የእንዲህ ያለ ቤት በር ሰው ያስወጣል እንጂ ሳህን አያስወጣም።

ጎረቤታቸው እቴነሽ ዛሬም ትኩስ ዳቦ ይዛ መጣች። የእሷ ድመት ተከትባለች፤ በሩ ግን ይህን አይጠይቅም።

«ዳቦውን በእጄ ልቀበልሽና ሳህኑን ይዘሽው ተመለሽ» አሏት ደጃፉ ላይ ቆመው። «ሳህኖችሽ እኮ እኔ ቤት አለቁ።»

«ከእርስዎ ቤት ባዶ ሳህን ይዤ ተመልሼ አላውቅም፣ እትዬ» አለችና ሳህኑን ከነዳቦው አስረከበቻቸው። በሩ ተዘጋ።

እቴነሽ ቤቷ ገብታ የባሏን ምሳ በድስት ክዳን ላይ አቀረበችለት። ባሏ ክዳኑን ትንሽ አየት አደረገ።

«ዳማስ እንዴት ናት?» አላት።