ሬዲዮ ዝም ያለ ቀን

ጀልባ ጠጋኙ የመጀመሪያውን ቡጢ ሲሰነዝር ሬዲዮ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ።

"ኧረ በፈጠረህ! ምን አደረግኩህ?"

"ወንድሜን የት አደረስከው?"

ሰውየውን ሬዲዮ ያሉት ወሬ ስለማያልቅበት ነው። እሱና የጀልባ ጠጋኙ ታላቅ ወንድም አብረው የሚሠሩ ባሕር ጠላቂዎች ነበሩ። ባሕሩ መሃል ካለው ትልቅ ዓለት ሥር የሰጠመች መርከብ አገኙ። በጥንት ዘመን ነፋስ እየጠበቀች ከወደብ ወደብ ዘይት ስታመላልስ የኖረች ነበረች። በእንስራዎቿ ውስጥ፣ በሕይወት ሳሉ ተያይተው የማያውቁ የሁለት አገር ነገሥታት በወርቅ ሳንቲም ላይ ፊት ለፊት ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ቦታዋን ከሁለቱ ጠላቂዎች በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ሬዲዮ ብቻውን ተመለሰ።

"የአየር ቱቦውን ስስበው ባዶውን መጣ አልኩህ!" አለ ሬዲዮ ከወለሉ ላይ። "ከወገቡ ተፈትቷል። ከአፍንጫዬ ደም እስኪወርድ እየጠለቅኩ ፈለግኩት እኮ!"

"ማን ፈታው?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"ጋሼን ባሕር አይገድለውም። በልጅነቱ ከዓለቱ እስከ ዳርቻው እየዋኘ ነው ያደገው። የገደለው ሰው ነው።"

የሬዲዮን ኪስ በረበረ። በጨርቅ የተቋጠሩ ሳንቲሞች ወጡ።

"ይሄስ?"

"የልጆቹ ድርሻ ነው። ለሚስቱ ላደርስላት..."

"አባታቸውን በልተህ ድርሻ!"

መዶሻውን አንስቶ በጣቶቹ ላይ አሳረፈው። ሬዲዮ ጮኸ። ውጭ፣ በየጋራዡ ብረት ይቀጠቀጣል፤ ጩኸቱን ከጩኸት የለየ የለም።

ጠዋት የወንድሙ ሚስት ቤት ሄዶ ነበር። ልጆቹን እናቷ ጋ ልካለች። ጥቁር ለብሳለች። ቤቱ አልተጠረገም ብላ ደጃፍ ላይ አቆመችው።

"የፈለግከውን አድርገው" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ግን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። የመርከቧን ቦታ ለማን ነገረ? አፉን ታውቀዋለህ። ለልጆቼ የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት።"

እውነቷን ነው አለ በሆዱ። ምስኪን።

"ቦታውን ለማን ነገርክ?" አለው አሁን ሬዲዮን፣ መዶሻውን እንደያዘ።

"ለማንም! ወንድምህ አደራ ብሎኛል!"

"አንተ? ሚስትህ ማርገዟን ከእሷ በፊት ለሰፈሩ ያወራህ ሰውዬ?"

ሬዲዮ ደም በሞላው አፉ ሊስቅ ሞከረ።

"ይቺን ብቻ... በልጆቼ ሞት፣ ይቺን ብቻ አልተናገርኩም።"

መዶሻው ወረደ። ጋሼ ትከሻው ላይ ተሸክሞት ባሕር ያሳየው ቀን ትዝ አለውና ደግሞ አወረደው። ክንዱ እስኪዝል አላቆመም። ሲያቆም ሬዲዮ ዝም ብሏል።

እጁን በናፍጣ ታጥቦ ወደ ወንድሙ ቤት ገሰገሰ። ሴትዮዋ ሸሚዙን አየች። ክንዱን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችው።

"ተናገረ?"

"ለማንም አልነገርኩም እንዳለ ሞተ። የጋሼን ደም መልሻለሁ፣ እትዬ።" እንባው መጣ። "አሁን እርምሽን አውጪ።"

እሷ አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ ጓዳው አዞረች።

"ሰማህ?"

"ሰማሁ፤ በሩን ዝጊው" አለ ጋሼ።