ጥርት ያለ ፊት

ቶትካ ካሜራ እንግዛ ስትል፣ ሚንቾ ሚስቱ እንደምትሞትበት እርግጠኛ ሆነ።

በቋጣሪነቱ የታወቀው የከተማቸው የጋብሮቮ ሰው ማታ ማታ ሰዓቱን የሚያቆመው የሰዓቱ ጥርሶች ተበልተው እንዳያልቁበት ነው እየተባለ ይቀለዳል። ቶትካ በዚህ ቀልድ ስቃ አታውቅም፤ ምኑ እንደሚያስቅ አይገባትም። ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ገበያውን ሦስት ጊዜ የምትዞር ሴት ናት ካሜራ ያለችው።

ነገሩ የጀመረው በጸደይ ነው። ሁለቱም ለዓመቱ ምርመራ ደም ሰጡ። ውጤቱን ቶትካ ብቻዋን ሄዳ ተቀበለችና “ሁለታችንም ደህና ነን” ብላ ወረቀቱን ሸሸገችው። ከዚያ ወዲህ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ታለቅሳለች። ጭቅጭቋን ተወች። ባኒጻ የሚሉትን የአይብ ቂጣ ስትጋግር፣ አይብ የበዛበትን መሃሉን ለእሱ ትቆርሳለች። ጠዋት ጠዋት ቫይታሚን ነው እያለች ለእሱ ቢጫውን ክኒን ትሰጠዋለች፤ ራሷ ነጩን ትውጣለች። ብቻዋን መድኃኒት ስትውጥ እንዳልነቃባት ነው አለ ሚንቾ በሆዱ።

በእነሱ ዘንድ ክፉ በሽታ ለታማሚው አይወራም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ግን እሷ ከደበቀች እሱ በምን አፉ ያንሳው? ምግብ አልወርድ አለው። ሱሪው ሲሰፋበት ቶትካ ምንም ሳትናገር ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳችለት።

አንድ ቀን የጎረቤታቸው የፔንዮ የሞት ማስታወቂያ፣ ፎቶው በጥቁር ጠርዝ ተከቦ፣ በሕንጻው በር ላይ ተለጠፈ። እንደ ወጉ በአርባው፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱም ተመልሶ ይለጠፋል። ፎቶው ከሰው ሠርግ ላይ ተቆርጦ የጎላ ስለሆነ ፊቱ ጭጋግ ነው፤ ትከሻው ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ እጅ ቀርቷል። ቶትካ ቆማ ብዙ አየችው።

“ሰው እንዲህ አይሸኝም” አለች።

ካሜራ ያለችው በማግስቱ ነው።

የካሜራ ሱቁ ሻጭ ዲያን የሚባል ጢማም ጎልማሳ ነበር። ሁለት ካሜራ አወጣላቸው። አንደኛዋ የሲጋራ ፓኮ የምታህል ቀጭን ናት። ሁለተኛዋ ትልቅ ናት፣ መስታወት አልባ ከሚባሉት ካሜራዎች ለጀማሪ የምትሆነው፤ ሌንሷ ይፈታል፣ ሌላ ይገጠምላታል። ሚንቾ ቀጭኗን ብድግ አደረጋት።

“ይቺ ትሻላለች። ኪስ ትገባለች፣ አትከብድሽም።”

“እኔን ምን ይከብደኛል?” አለች። እንዲህ ስትጀግን አንጀቱን በላችው።

ወደ ዲያን ዞረች። ቤት ውስጥ፣ በመስኮት ብርሃን፣ የሰው ፊት ተነስቶ ይህን ያህል ቢጎላ የትኛዋ ጥርት አድርጋ ታሳያለች ስትል ስፋቱን በሁለት እጇ አመለከተች። ሚንቾ ስፋቱን አወቀው። የፔንዮን ማስታወቂያ ያክላል።

“ለእሱስ ትልቋ ናት፣ እማማ” አለ ዲያን። “ቀጭኗ የሽርሽር ናት፤ ቤት ውስጥ ትደበዝዛለች። ትልቋ ሽፋሽፍት ትቆጥራለች። ብቻ እስኪለምዷት ጊዜ ትወስዳለች።”

“ስንት ጊዜ?”

“ሁለት ሳምንት ይበቃዎታል።”

ቶትካ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አሰበች። “እሱንስ እናገኛለን” አለች።

ሚንቾ በሆዱ አሰላው። ቀጭኗን ከገዙ ሽርሽር አለ ማለት ነው፣ በጋ አለ። ትልቋን ከገዙ ግን ያ በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ብቻ ነው የሚቀራቸው። እንደ ሕጻን ቀጭኗን ይዞ አልለቅም አለ።

“ቶትካ፣ ቀጭኗን እንግዛና በነሐሴ ባሕር እንሂድ።”

ቶትካ ዓይኗን ከመደርደሪያው አላነሳችም።

“ትልቋን” አለች።

ምን ማድረግ ይችላል? ቀጭኗን ቦታዋ መለሰ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ካሜራውንም የገበያውንም ዕቃ እሷ ተሸከመች። አምጪ ቢላት እንዳወቀባት ይገባታል፤ ስለዚህ እያፈረ ባዶ እጁን ከኋላ ተከተላት። ሐዘን እግር ይይዛል፣ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ። ቶትካ በየፎቁ የጫማዋን ማሰሪያ እያስተካከለች ጠበቀችው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትለማመድ ከረመች። ወንበሩን አነሳች፣ ድመቷን አነሳች፣ የመስኮቱን አበባ አነሳች። ነጭ ነገር ለማንሳት አስቸጋሪ ነው ብሎኛል ዲያን ብላ እሱንም ነጩን የበዓል ሸሚዙን አልብሳ አነሳችው። በመጨረሻ ሚንቾ እንደምንም ደፍሮ፣ ነይ ደግሞ እኔ ላንሳሽ አላት። ጸጉሯን አስተካክላ መስኮቱ ሥር ተቀመጠችና ሳቀችለት። ፎቶው አማረ። ያን ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን የከፈተው እሱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ቶትካ ገበያ ስትወጣ ሜሞሪውን ከካሜራው አውጥቶ ፎቶ ቤት ሄደ። ፎቶዋን አሳጥቦ ይደብቀዋል። የራሷን ማስታወቂያ ፎቶ በራሷ እግር ሄዳ እንድታዝ አልፈለገም። ሌላ ሊያደርግላት የሚችለው ነገር የለም።

ፎቶ ቤቷ ውስጥ ያለችው ሴት ከማሽኗ ቀና ሳትል የቤተሰቡን ስም ጠየቀችው። ነገራት።

“ለማስታወቂያ የሚሆነው ነው? እሱማ ደርሷል። ማክሰኞ ዕለት ባለቤትዎ አዘው፣ ከፍለው ሄደዋል። ቤት እንዳይታይ ነው መሰል፣ እስክፈልገው እዚሁ ይቀመጥልኝ ብለዋል።”

ቀድማዋለች። ሚስኪን፣ ከእኔ ለመደበቅ ይህን ሁሉ ተንከራተተች አለ በልቡ። ፖስታውን ተቀብሎ ወጣ። ትንፋሽ ስላጠረው በሩ ላይ ካለው ደረጃ ተቀመጠ፤ እስኪረጋጋ ጠበቀና ያን ሳቋን ሊያይ ፖስታውን ከፈተ።

በጥቁሩ ጠርዝ ውስጥ፣ የበዓል ሸሚዙን የለበሰው የሚንቾ ፊት ጥርት ብሎ ወጥቶ ነበር።