ድንበርተኛው ምስክር

ገበሬው ደምለው ክላሽ ለመግዛት የወረዳውን ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ቅጹ ላይ «ለምን አስፈለገ?» በሚለው ቦታ እውነቱን ጻፈ፦ «ጎረቤቴ ሽታው በእርሻ ድንበር ምክንያት እገድልሃለሁ እያለ ስለሚዝትብኝ።»

አሻራው ተመርምሮ ከወንጀል ነፃ መሆኑ ተረጋገጠ። የፈቃድ ክፍሏ ሠራተኛ ቅጹን መለሰችለት።

«አንድ ነገር ብቻ ይቀራል» አለችው። «ስለ ጠባይዎ ድንበርተኛ ጎረቤትዎ መስክሮ ይፈርምልዎ።»

ድንበርተኛው ሽታው ብቻ ነበር። በቀረው ወገን ሁሉ ገደል ነው።

ደምለው ሦስት ቀን ሲያመነታ ሰንብቶ ወደ ሽታው ቤት ሄደ። ከተኳረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ሽታው ደጁ ላይ እንደተቀመጠ ቅጹን ተቀብሎ ረጋ ብሎ አነበበ። የራሱ ስም ካለበት መስመር ሲደርስ እንኳ ፊቱ አልተለወጠም። እስክሪብቶ አስመጣና «ሰላማዊ ሰው ነው፤ የማንንም ዝንብ እሽ ብሎ አያውቅም» ብሎ ጽፎ ፈረመ።

ደምለው ዐይኑ እንባ አቀረረ። መሣሪያው ቀርቶበት እዚያው ይቅርታ ሊጠይቅ ቃጣው።

«አያ ሽታው፣ እኔ እኮ…»

«ግድ የለም» አለና ሽታው ወደ ቤት ገብቶ የራሱን ቅጽ ይዞ ወጣ። «እኔም ድንበርተኛ አስፈርም ተብዬ ተቸግሬ ነበር። እዚህ ጋ ፈርምልኝ።»