ቱቦውን ይሳቡት

ጎረቤቴ የዓሣ ገንዳውን መስታወት ሊበሳ መሰርሰሪያ ተውሶ መጣና እንዳግዘው ጠራኝ።

«ዓሣ እንዲህ ካሳበደህ ሐዋሳ ቤት አትከራይም?» አልኩት። ሌላ ጊዜ ይስቅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ሊደርስ ወደ አገሩ ሲሄድ ቁልፉን የሰጠው ለእኔ ነው። ገንዳው ትርፉን ውሃ ወደ ታችኛው ባልዲ የሚያወርድ፣ ጠርዙ ላይ የተንጠለጠለ ሳጥን ነበረው። «ጋሼ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሳጥኑን ቱቦ ይሳቡት፤ አለዚያ ፓምፑ የባልዲውን ውሃ ወደ ላይ ሲመልሰው ገንዳው ሞልቶ ይፈሳል» ብሎኝ ሄደ። ፈሰሰ። ሲመለስ ሦስት ዓሣዎቹ ወለሉ ላይ ደርቀው ጠበቁት።

«ስበውታል አይደል ጋሼ?»

«ኧረ በመድኃኔዓለም! መብራቱ እንደመጣ ሮጬ መጥቼ ሳብኩት እንጂ!»

«እንግዲያው ጥፋቱ የሳጥኑ ነው። መስታወቱን በስቼ ውሃው በቀዳዳው በራሱ ቢወርድ ይሻላል። ከተሰነጠቀ ግን ሌላ ገንዳ የለኝም» አለና ሳፋ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ዓሣ አየት አደረጋት።

ከመብሳቱ በፊት ውሃውን ሊያጎድል የሳጥኑን ቱቦ አነሳ። ሾፌር ቤንዚን ከበርሜል እንደሚቀዳው ጫፉን አፉ ውስጥ ከትቶ ሳበው። ውሃው ኩልል እያለ ወረደ።

እኔ የሳብኩት በሁለት እጄ ነበር። ሲነቀልብኝም መልሼ ሰክቼዋለሁ።

«አዩት?» አለኝ አፉን እየጠረገ፤ «ሰው ፊት ይሠራል፤ ዞር ሲሉለት ነው የሚከዳው። በሉ ጋሼ፣ ስበሳው መስታወቱ እንዳይግል ውሃ ያፍስሱልኝ።»

ማንቆርቆሪያውን አነሳሁ።