የአራተኛው ሳጥን አይጦች

ዶክተር ሚልኪያስ አይጥ መያዝ የሚፈራ የአይጥ ተመራማሪ ነው። ማጅራቷን ጨብጬ ካልያዝኩለት መርፌው ከእጁ ይወድቃል። «አጥብቀህ ያዛት፣ አንተ ሰውዬ!» ይለኛል፤ አሥራ ስድስት ዓመት አብሮኝ ሲሠራ ስሜን አላወቀም። ከካንሰር እጢ በተሠራ ክትባት እጢ ያለባቸውን አይጦች ይወጋል፤ ከዚያ ደማቸው እጢውን እንደ ጠላት ለይቶ ይዋጋው እንደሆነ ይለካል። ለዚህ ነው እንግዲህ ውጭ አገር ድረስ ሄዶ የተማረው።

አምና ባለቤቴ ጡቷ ላይ ካንሰር እንደተገኘባት ብነግረው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሳጥኖቹን አጽዳ» አለኝ።

የአራተኛው ሳጥን አይጦች ከተከተቡ በኋላ እጢው አብጦባቸው አንድ በአንድ ሲሞቱ ታዲያ ለምን ልንገረው? ከዚያ በፊት ሌሎች አይጦች ሲሞቱበት «አንተ ነህ የገደልካቸው» ብሎ በሰው ፊት አዋርዶኛል። በሞቱት ቦታ ጤነኞች አስገባሁ፤ ጆሯቸውንም በሟቾቹ ምልክት ልክ ቀደድኩ። ያ ሁሉ ዲግሪ አይጥ ከአይጥ አልለየም። እጢውን ቢፈልግ አጣው፤ «ጠፋ! ክትባቱ ሠራ!» እያለ እንደ ሕፃን ዘለለ። በሆዴ ሳቅሁበት።

ዛሬ ክትባቱ በሰው ላይ እንዲሞከር ተፈቀደ ተብሎ ኬክ ተቆረሰ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእኔ ይዞ መጣ።

«ጋሽ ደመላሽ» አለኝ፣ በስሜ። «አምና የነገሩኝን አልረሳሁም። ባለቤትዎን የመጀመሪያዋ ተከታቢ አድርጌ መዝግቤያቸዋለሁ። ትናንት ደውዬላቸው የሆስፒታሉንም መድኃኒት አቁመዋል። ሰኞ ቁርስ ሳይበሉ ይምጡ በሉልኝ።»