የታዘዘ እቅፍ

«ባልሽን ‹ጥፋቱ የኔ ነው› ትይዋለሽ፤ ከዚያ ታቅፊዋለሽ፤ አለቀ» ይላል የቴሌቪዥን ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ፣ ገና ከማተሚያው የወጣ አንድ ገጽ አፍንጫዋ ስር ደቅኖ።

ተዋናይዋ አትቀበለውም። ሁለት እጇ ሻሿን እያሰረ ነው። ስርጭቱ ቀጥታ ነው፤ ማስታወቂያው እንዳለቀ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ የድራማውን መዝጊያ ትጫወታለች። ከዚያ በኋላ ድራማ የለም። ያ ሁሉ ሰው የሚስቅበት፣ ሲነጋ ሲመሽ የሚነታረክ ቤተሰብ ገና ዳዴ ሳይል ተቀጭቷል።

«እናትየዋ ምን አጠፋች?» ትለዋለች። «የልብስ ስፌት መኪናዋን ተደብቆ የሸጠ እሱ። በሸጠበት ጓደኞቹን የጋበዘ እሱ። ‹መኪናዬስ?› ብትለው ልጆቿ ፊት ያዋረዳት እሱ። ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ?»

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ቀልድ ነው፤ ችሎት አደረግሽው! ስልካችን ጋለ። ‹የኛ ቤት እንዲህ አይደለም› ይላል የደወለ ሁሉ። የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም። መሞቱ ካልቀረ እንኳ አሳምረን እንቅበረው።»

የደወለው ሁሉ ወንድ መሆኑን ስልክ ተቀባይዋ ነግራታለች። ሴቶቹ አይደውሉም። ሴቶቹ መንገድ ላይ እጇን ይይዛሉ። «እማ እሳት» ይሏታል በድራማው ስሟ፤ ግራ ቀኝ ያዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔም ሰውዬ ሸጦብኛል» ይሏታል። ምኑን እንደሸጠ አይነግሯትም፤ እሷም አትጠይቅም። ጓዳ ገብተው ያለቀሱበትን ሳሎን ቁጭ ብለው ቢስቁበት ይሄ ሥራ አስኪያጅ ምን ይጎድልበታል? ማሳየት የሚፈራ ሰው ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ምን ይሠራል?

«ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ትለዋለች።

«ተረቱን ተይውና ስሚኝ።» ጠጋ ይላታል። «ቀጣዩ ድራማ የአንድ ዳኛ ቤት ነው። የተከበረ ቤት፤ ዓመት ከዓመት የሚሄድ። የዳኛው ሚስት አንቺ ነሽ ብዬ ነበር። ዛሬ ካስቸገርሽኝ ግን ከዚህ በር ወጥተሽ የምትገቢበት ሌላ በር የለም። ያለው ጣቢያ ይሄው ነው።»

ሐሰት አልተናገረም፤ ሌላ ጣቢያ የለም። ከዚህ ሥራ በቀር የምታውቀው ሥራ የላትም።

ባሏን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ አጠገቧ ቆሞ ኮሌታውን ያቃናል። ዳኛው እሱ ነው፤ ውሉን ፈርሟል። «አንቺ ደግሞ» ይላታል፣ «እቀፊኝና እንገላገል። እሾህ የለብኝ!»

«አምነህበት ነው?»

«እኔ የማምነው ደሞዜን ነው።»

«ይሄኔ ነው መኪናዬን የሸጥከው።»

እሱ ይስቃል። እሷ አትስቅም።

«ተዘጋጁ!» ይላል የአዘጋጁ ድምፅ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ወደዚያው ይጣደፋል። የመድረክ ዕቃ ያዥዋ ውሃ የጠገበ ልብስ የሞላበትን ሳፋ ታሸክማታለች። ደራሲው በጻፈው መዝጊያ፣ እናት ያጠበችውን ልብስ ይዛ ባሏን ሳታየው ታልፋለች፤ ልታሰጣ ወደ ውጭ ትወጣለች። በአዲሱ ገጽ ሳፋውን ታስቀምጥና አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች።

መብራቱ ይበራል። ባልየው ሳሎኑ መሃል ተገትሯል፤ ፊቱ ላይ የቅዱስ ፈገግታ። ዓረፍተ ነገሯን እስክትናገር እንኳ አልጠበቃትም።

«ነይ ሚስቴ» ይላል፣ «ይቅር ብዬሻለሁ።»

ክንዶቹን ግራና ቀኝ ይዘረጋል።

ፊት ለፊት፣ አዳራሹን ለሞላው ተመልካች መቼ መሳቅና መቼ ማጨብጨብ እንዳለበት ሰሌዳ አንስቶ የሚያሳየው ሰው «ጭብጨባ» የሚለውን ደረቱ ላይ ይዞ እቅፉን ይጠብቃል። ሥራ አስኪያጁ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስታወት ጀርባ በጭንቅላቱ «በይ፣ በይ» ይላታል።

ሳፋውን ታስቀምጣለች። ሥራ አስኪያጁ እፎይ ሲል ታየዋለች።

ጎንበስ ብላ የባሏን ሸሚዝ ከሳፋው ታወጣለች። ጫማው ላይ ትጨምቀዋለች። ከዚያ እጅጌውን ዘርግታ፣ ሽክፍ አድርጋ፣ ቀኝ ክንዱ ላይ ታሰጣዋለች።

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ሳቋ ያመልጣታል። ሰሌዳውን ያየ የለም። ሱሪው ግራ ክንዱ ላይ ሲሰጣ አዳራሹ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ ሴቶቹ ጉልበታቸውን እየመቱ፣ ወንዶቹ ሚስቶቻቸውን በጎን እያዩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ይላል ባልየው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። ክንዱን ግን አያጥፍም። እቅፉ ሊመጣ ነው ብሎ፣ ያ ሁሉ አገር እያየው፣ እንዴት ይጠፈው? የልጆቹ ካልሲ በጣቶቹ ላይ፣ ፎጣው በትከሻው ላይ ይደረደራል።

መስታወቱ ጀርባ ሥራ አስኪያጁ እጁን እያወናጨፈ ይጮሃል፤ ድምፁ አይሰማም፤ «አጥፋው! አጥፋው!» የሚል አፉ ብቻ ይታያል። አጠገቡ የተቀመጠው አዘጋጅ ሁለት እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንስቶ፣ ረጋ ብሎ፣ ኪሱ ውስጥ ይከታቸዋል።

የባልየው ክንዶች እርጥቡ ልብስ ይከብዳቸዋል። ዝቅ፣ ዝቅ ይላሉ።

«ቀና አድርግ» ትለዋለች እማ እሳት፣ አንሶላውን ከሳፋው ስር እየጎተተች። «ገና አልጨረስኩም።»

አንሶላውን በሁለት እጇ ይዛ በሙሉ ኃይሏ ታራግፈዋለች። ጠብታው ካሜራው ዓይን ላይ ይፈናጠቃል፤ በየሰዉ ሳሎን፣ በየስክሪኑ ላይ፣ ውሃው ቁልቁል ይወርዳል።