ዜሮ መዘግየት

አባቴ ቅዳሜ ጆሮው ሥር ያስተከለው የግራፊክስ ካርድ የገበያው ቁንጮ ነው። ሻጩ "ለጌም መካከለኛው ይበቃዎታል" ቢለው፣ "ተጋጣሚዎቼ እኮ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ናቸው!" አለ። እሱ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ካርዱ ሐሳቡን ጣቱን ሳይጠብቅ ወደ ጨዋታው ይልካል። ጨዋታ ከሌለ ደግሞ በአፉ ያወጣዋል።

እሁድ የፍቅረኛዬ የናታን ሽማግሌዎች እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጡ። አራት ዓመት የጠበቅኋት ቀን ናት። ወጉ ይታወቃል፤ የልጅቷ አባት "ተመካክረን እንነግራችኋለን" ብሎ ይመልሳቸዋል፣ እነሱም ተከብረው ይሄዳሉ። ቶሎ የተሰጠች ልጅ ትታማለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ካርዱን አጥፋው!" አለች እናቴ።

"ካጠፋሁት እንደገና እስኪነሳ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አፌን እኔው እጠብቀዋለሁ።"

ሦስቱ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆሙ። ትልቁ፣ ጋሽ ወርቅነህ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ የመጣንበት ጉ..."

"ሰጥቻችኋለሁ፣ ውሰዷት!" አለ አባቴ።

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ጋሽ ወርቅነህ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ዓይናቸው ሆዴ ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

"መልካም" አሉ ወደ በሩ እያፈገፈጉ። "እስቲ እኛ ተመካክረን እንነግራችኋለን።"